ጠንካራውን ጥቁር የቤልጅየም ቢራ መቅመስና መመዘን

ጠንካራ ጥቁር የቤልጅየም ቢራ «ስኳሩ ይበዛል፣ ይከብዳል፣ አልኮሉ ያቃጥላል» ተብሎ ሲወቀስ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የጠማቂው አይደለም። ቢራው ከፍሪጅ እንደወጣ ተከፍቷል፣ ቅባት በነካው ብርጭቆ ተቀድቷል፣ አተላው ሳይቀር ተገልብጧል፣ ከዚያም እንደ ላገር (እንደ ተለመደው ቀላል ቢራ) በትልልቅ ጉንጭ ተጠጥቷል። በዚህ መንገድ የተሰጠ ፍርድ ስለ ቢራው ብዙ አይናገርም። ስለዚህ ከመቅመስ በፊት ያለውን ዝግጅት ረዘም አድርጌ አስቀምጣለሁ። ምዘናው ራሱ ግን በመጨረሻ የሚያርፈው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ያን ሁሉ ብቅልና አልኮል የተሸከመ ቢራ ከተዋጠ በኋላ አፍን ደረቅ አድርጎ ይለቃል ወይስ ስኳሩ ምላስ ላይ ተለጥፎ ይቀራል?

መጀመሪያ የምንመዝነውን ነገር እንወቅ። በውድድሮች ላይ በሰፊው የሚሠራበት የቢጄሲፒ (የቢራ ዳኞችን የሚያሠለጥንና የሚመዝን ድርጅት) የዳኞች መመሪያ ለዚህ የቢራ ዓይነት የሚያስቀምጠው ወሰን እንዲህ ነው፦ ከመብላላቱ በፊት የፈሳሹ እፍጋት (ውሃ 1.000 ሲባል) ከ1.075 እስከ 1.110፣ ከተብላላ በኋላ ከ1.010 እስከ 1.024፣ አልኮሉ ከ8 እስከ 12 በመቶ፣ ምሬቱ ከ20 እስከ 35 አይቢዩ (የምሬት መለኪያ)፣ ቀለሙ ከ12 እስከ 22 ኤስአርኤም (የቀለም መለኪያ፤ ሲጨምር ይጠቁራል)። ቀለሙን ልብ በሉ። ስሙ «ጥቁር» ይባል እንጂ ቢራው ከመዳብ ቀለም እስከ ቀላ ያለ ጥልቅ ቡኒ ነው፤ ወደ መብራት ሲያዙት ጠርዙ ቀይ ሆኖ ይታያል። የሐረሩን ሐኪም ስታውት (ጥቁር ቢራ) የሚያውቅ ሰው የተቆላ ገብስ ምሬት ሊጠብቅ ይችላል። እዚህ ግን ጥቁረቱ በአመዛኙ የሚመጣው ከጥቁር ካራሜል ስኳርና ከልዩ ብቅሎች ነው። የከሰለ ወይም የአመድ ጣዕም ከተሰማ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው።

ለማሳያ የምወስደው ሮሽፎር 10ን ነው። በደቡብ ቤልጅየም፣ በናሙር ክፍለ ሀገር፣ በሮሽፎር ከተማ አጠገብ ባለው የኖትር ዳም ደ ሳን ረሚ ገዳም ይጠመቃል፤ አልኮሉ 11.3 በመቶ፣ ጠርሙሱ 33 ሳንቲ ሊትር፣ ቆርኪው ሰማያዊ ነው። ታናናሾቹ ሮሽፎር 6 (7.5 በመቶ) እና ሮሽፎር 8 (9.2 በመቶ) ናቸው። ቁጥሮቹ ከድሮው የቤልጅየም የእፍጋት መለኪያ የመጡ እንጂ የአልኮል መጠን አይደሉም። በዚሁ ምክንያት ዌስትቭሌተረን 12 አልኮሉ 10.2 በመቶ ነው፣ ሴንት በርናርዱስ አብት 12 ደግሞ 10 በመቶ። ሺሜ ሰማያዊው 9 በመቶ ሲሆን የቁጥር ስም የለውም። ከድንበር ማዶ በኔዘርላንድስ የሚጠመቀው ላ ትራፕ ኳድሩፕል 10 በመቶ ነው፤ «ኳድሩፕል» የሚለው ስያሜም ከእሱ በኋላ ነው በብዙ ጠርሙሶች ላይ የተዛመተው። ለጀማሪ ዌስትቭሌተረንን አልመክርም። ገዳሙ የሚሸጠው አስቀድሞ ላዘዘ ሰው ስለሆነ በየሱቁ የሚታየው ብዙውን ጊዜ በእጥፍ ዋጋ የተቸረቸረ ነው፣ የት ሙቀት እንደቆየም አይታወቅም። በዚያ ዋጋ ሦስትና አራት ዓይነት ገዝቶ ጎን ለጎን ማሰለፍ የበለጠ ያስተምራል። ጠርሙሱ ላይ ያለው ባለ ስድስት ማዕዘን የትራፒስት ምልክት ቢራው በገዳም ቅጥር ውስጥ ወይም አጠገቡ፣ በመነኮሳት ኃላፊነት መጠመቁን ይናገራል። ስለ ጣዕሙ ግን ምንም አይናገርም። በርናርዱስ ምልክቱ የለውም፣ በጭፍን ቅምሻ ግን ከባለምልክቶቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቆማል።

ጠርሙሱን አቁሙት እንጂ አታጋድሙት። እነዚህ ቢራዎች ጠርሙስ ውስጥ ስኳርና እርሾ ተጨምሮላቸው ዳግም ይብላላሉ፤ ጋዙ የሚፈጠረው እዚያው ነው፣ እርሾውም ታች ይዘቅጣል። ከአውሮፓ በሻንጣ የመጣ ጠርሙስ ተናውጦ ስለሚደርስ በጨለማና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ቢያንስ አምስት ቀን፣ ቢቻል ሳምንት ቆሞ ይረፍ። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ ቁም ሣጥን ከፍሪጅም ከኩሽና መደርደሪያም ይሻላል። ቡናማ ጠርሙስ ብርሃንን ይከላከላል፣ ጨርሶ ግን አይከለክልም፤ ፀሐይ በሚመታው የሱቅ መስኮት ላይ የተደረደረውን አትግዙ። ቆርኪው ጠርዝ ላይ ዝገት ወይም የደረቀ የቢራ ፍሳሽ ካለም ተውት፤ ጋዝ ያመለጠበት አየር ይገባበታል።

አሁን ወደ ብርጭቆው። አፉ ሰፋ ያለ ዋንጫ ወይም ሆዱ ሰፍቶ አፉ የሚጠብ የቱሊፕ ብርጭቆ ይሁን። ለመዓዛ ምዘና ቱሊፑን እመርጣለሁ፤ የገዳማቱ ዋንጫ ለዓይን ያምራል፣ ለመጠጣትም ደስ ይላል፣ ሽታውን ግን ቶሎ ይበትነዋል። ሁለቱም ከሌሉ የቀይ ወይን ብርጭቆ በደንብ ይሠራል። ዋናው ነገር ንጽሕናው ነው። ብርጭቆውን በትንሽ ሳሙና እጠቡ፣ በብዙ ውሃ አለቅልቁ፣ በፎጣ ሳትወለውሉ አየር ላይ አድርቁት። ንጹሕ መሆኑ የሚታወቀው ውሃ ሲፈስበት ግድግዳው ላይ አንድ ወጥ ሆኖ ሲንሸራተት ነው፤ ውሃው በየቦታው ተቆራርጦ ጠብታ ከሠራ ቅባት አለ። ቢራ ከተቀዳ በኋላም የጋዝ ፊኛዎች ከላይኛው አረፋ በታች ባለው ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ከቀሩ ያው ነው። ቅባት አረፋን ይሰብራል፤ ስለዚህ በወጥ ቅቤ የረሰረሰ ከንፈርና ሊፕስቲክም የዚህ ጥፋት ምንጮች ናቸው። አረፋው በሁለት ደቂቃ ጠፋ ብሎ ቢራውን ከመቅጣት በፊት ብርጭቆውን መርምሩ።

ሙቀቱ ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ይሁን። ከዚህ በታች ሲሆን የደረቀ ፍሬና የቅመም ሽታው አይወጣም፣ ቅዝቃዜውም ጣፋጭነቱን አደብዝዞ ምሬቱንና የጋዙን መውጋት ያጎላል። ከ16 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ አልኮሉ ቀድሞ ይወጣና የቀረውን ይሸፍናል። 4 ዲግሪ ላይ የነበረ የ33 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ 20 ዲግሪ አካባቢ ባለ ክፍል 12 ዲግሪ ለመድረስ ወደ 40 ደቂቃ ይፈጅበታል። የኩሽና ቴርሞሜትር ካለ ግን ግምት አያስፈልግም። ቢራውን ከ9–10 ዲግሪ ቀድቶ ወደ 14 እስኪሞቅ እየተከታተሉ መቅመስ ከሁሉ ይሻላል። ቡና የሚቀምሱ ባለሙያዎች ሲኒው እየበረደ ሲሄድ በየደረጃው እንደሚመለሱበት ሁሉ እዚህም ብርጭቆው እየሞቀ ሲሄድ ሦስት ጊዜ መመለስ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ጉንጭ ብቻ ነጥብ የሚሰጥ ሰው የቢራውን ግማሽ አልቀመሰም።

ክፍሉም ይታሰብበት። ዕጣን የሚጨስበት፣ ቡና የሚቆላበት ወይም ሽቶ የተቀባ ሰው አጠገባችሁ ያለበት ቦታ ለማሽተት አይሆንም። ከቅምሻው በፊት ቢያንስ አንድ ሰዓት በርበሬ፣ ቡናና ሲጋራ ይቅሩ። በርበሬ ያቃጠለው ምላስ የአልኮሉን ትኩሳት አብዝቶ ያሰማል፤ 9 በመቶ የሆነው ቢራ አረቄ ይመስላል። በየመሐሉ አፍ ለማጥራት ለብ ያለ ውሃና ጨው የሌለው ነጭ ዳቦ ይበቃል።

ስትከፍቱ ቆርኪውን በዝግታ አንሱት። አዲስ አበባ ላሉ አንድ ነገር ልጨምር፦ በከተማዋ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ይህን የመሰለ ጋዝ የበዛበት ቢራ ብራስልስ ላይ ከሚያደርገው በላይ ይገነፍላል። 8 ዲግሪ ላይ እያለ ክፈቱት፣ አጠገባችሁም ሁለተኛ ብርጭቆ ይኑር። የጠርሙሱን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ብርጭቆውን አጋድማችሁ በግድግዳው ላይ በቀጭኑ ቅዱ፤ ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ቀና አድርጉትና መሐሉ ላይ እያፈሰሳችሁ ሁለት ወይም ሦስት ጣት አረፋ አንሱ። አንዴ ማንቆርቆር ከጀመራችሁ አታቋርጡ፤ ጠርሙሱ በቆመና ባጋደለ ቁጥር አተላው ይነሣል። ብዙ ሰው የሚቀምስ ከሆነ መጀመሪያ ሁሉንም ወደ አንድ ንጹሕ ማንቆርቆሪያ ገልብጦ ማካፈል ይሻላል፣ አለዚያ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሰው የተለያየ ቢራ ይቀምሳሉ። ጠርሙሱ ውስጥ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይቅር። ያን አተላ ለብቻው በትንሽ ብርጭቆ ቀድቶ መቅመስ ጥሩ ነው፦ ዳቦ ዳቦ ይሸታል፣ ወፈር ይላል፣ ትንሽ ይመራል። ከዋናው ቢራ ጋር ከተደባለቀ ግን ጥርት ማለቱን ያደበዝዛል፣ አጨራረሱንም ያሻክራል፤ ምዘናው እስኪያልቅ ለየብቻ ይቆዩ።

ማየቱ ቶሎ ያልቃል። ቀለም፣ ጥርት ማለቱ፣ የአረፋው ቀለምና ዕድሜ። ጥሩ ሮሽፎር 10 ጥልቅ ቀይ ቡኒ ነው፣ አረፋው የክሬም ወይም የቀላል ቡኒ ቀለም አለው፣ ሲጠጣ ብርጭቆው ላይ ነጠላ የመሰለ ፈትል ትቶ ይወርዳል። ጥቂት ደብዘዝ ማለቱ ነውር አይደለም። በቢጄሲፒ ቅጽ ከ50 ነጥብ ለመልክ 3 ብቻ ስለሚሰጥ እዚህ አትቆዩ።

ማሽተቱ ግን ከአረፋው ጋር ይጀምር፤ ቶሎ የሚያመልጡ ሽታዎች አሉ። ብርጭቆውን ከአፍንጫ ራቅ አድርጋችሁ በአጭር በአጭሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ማግ አድርጉ፣ ከዚያ ራቁ። አፍንጫ ለአንድ ሽታ በጥቂት ሴኮንዶች ይደነዝዛል፣ ስለዚህ ረጅም ምገት ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ቀጥሎ ብርጭቆውን በመዳፍ ከድናችሁ አሽከርክሩና መዳፉን እንዳነሣችሁ አሽትቱ። ሲደነዝዛችሁ የራሳችሁን ክንድ ወይም ልብስ አሽትታችሁ ተመለሱ።

የሚሸተውን በሦስት ክፍል መክፈል ሥራውን ያቀላል። የብቅልና የስኳር ወገን፦ ዘቢብ፣ ተምር፣ በለስ፣ የደረቀ ፕሪም፣ የዳቦ ቅርፊት፣ ካራሜላ፣ አንዳንዴ የቸኮላት ጥላ። እነዚህ የሚመጡት ከጥቁሩ ስኳርና እንደ ስፔሻል ቢ ካሉ ጠቆር ያሉ የካራሜል ብቅሎች ነው። የእርሾው ፍሬ ወገን፦ ሙዝ፣ ፒር፣ ፖም። የሙዙ ሽታ አይሶአሚል አሲቴት የሚባል ኤስተር (እርሾ የሚሠራው ፍሬ ፍሬ የሚሸት ውሁድ) ነው። መኖሩ ትክክል ነው፣ ሙዝ ብቻ ከሸተተ ግን ሚዛኑ ተዛብቷል። የእርሾው ቅመም ወገን፦ ቅርንፉድና ቁንዶ በርበሬ፣ ፊኖል ከሚባሉ ውሁዶች። ይህ ሽታ የግድ ከተጨመረ ቅመም አይመጣም፣ የቤልጅየም እርሾ ራሱ ይሠራዋል። «ስንት ቅመም ጨመሩበት» የሚለው የተለመደ ግምት ብዙ ጊዜ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። አልኮሉ አራተኛ ሆኖ ይመጣል፤ ለስለስ ያለ፣ አበባ ወይም ሽቶ የሚመስል ከሆነ ጥሩ ነው። አፍንጫን የሚወጋ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚያስታውስ ከሆነ ኢታይል አሲቴት በዝቷል። የሆፕ (ቢራን የሚያመርረው አበባ) ሽታ ከሞላ ጎደል መኖር የለበትም።

ቅመሙን ለይቶ ለማወቅ የሚቸገር ሰው በቤቱ አፍንጫውን ማሠልጠን ይችላል። ሁለት ሦስት ቅርንፉድ በግማሽ ሲኒ ሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ሲበርድ ጥቂት ጠብታ በአንድ ብርጭቆ ላገር ላይ አንጠባጥቦ ካልተጨመረበት ጋር ያስተያይ። ጠብታው ሲበዛ ቅርንፉድነቱ መድኃኒት መድኃኒት ማለት የሚጀምርበትን ወሰን ያገኘዋል። ለአልኮልም እንዲሁ፦ በ100 ሚሊ ሊትር የ5 በመቶ ላገር ላይ 15 ሚሊ ሊትር ቮድካ ጨምሩ። ውጤቱ ወደ 9.6 በመቶ ነው፣ የአብት 12 አቻ ማለት ይቻላል። ይህን ቀምሶ ወዲያው በርናርዱስን የቀመሰ ሰው ብቅል፣ ኤስተርና ጋዝ አልኮልን እንዴት እንደሚያለብሱት ያለ ሌላ ማብራሪያ ይገባዋል። ላገሩ ላይ የተጨመረው አልኮል ራቁቱን ይቆማል።

አሁን ይቀመስ። የመጀመሪያዋ ጉንጭ አፍን ለማስለመድ ናት፣ ፍርድ አይሰጥባትም። ሁለተኛዋ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ትሁን። ምላስ ላይ አንሸራሽራችሁ ዋጧትና አፋችሁን ዘግታችሁ በአፍንጫ ተንፍሱ፤ የዘቢብና የቅመሙ ትልቁ ድርሻ የሚሰማው በዚያች ትንፋሽ ነው። ቢራ እንደ ወይን አይተፋም፤ ምሬቱና አጨራረሱ የሚለካው ከተዋጠ በኋላ ነውና።

ቅደም ተከተሉን ተከታተሉ። መጀመሪያ የብቅሉ ሙላት ይመጣል፣ መሐል ላይ ፍሬውና ቅመሙ፣ ከዚያ ምሬትና አልኮል ተጋግዘው ያደርቁታል። ይህ የዚህ ቢራ አጥንት ነው፣ ምክንያቱም በአሠራሩ ውስጥ ነው ያለው። ጠማቂዎቹ ከሚብላላው ስኳር ውስጥ ከአሥረኛው እስከ አምስተኛው ያህሉን በተራ ስኳር ወይም በካራሜል ስኳር ይሸፍናሉ። እርሾ ተራውን ስኳር ጥርግ አድርጎ ስለሚበላው አልኮሉ ከፍ ይላል፣ አካሉ ግን ይቀላል። ይኸው አልኮል ከብቅል ብቻ ቢመጣ ኖሮ ቢራው ወፍራምና ሙጫ በሆነ ነበር። ስለዚህ ጠንካራ ጥቁር የቤልጅየም ቢራ ሀብታም ሆኖ ቀላል መሆን አለበት። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘቱ ነው ጥበቡ፣ የሚበዙት አስመሳዮች የሚወድቁትም እዚሁ ላይ ነው።

ጣፋጭነትን ስትመዝኑ አፍንጫ እንዳያታልላችሁ ተጠንቀቁ። የዘቢብና የካራሜል መዓዛ አእምሮን «ስኳር» ያሰኘዋል። አፍንጫችሁን በሁለት ጣት ይዛችሁ ቅመሱ፤ ያኔ የሚቀረው ጣፋጭነት እውነተኛው ስኳር ነው። በጥሩ ሮሽፎር 10 አፍንጫ ሲያዝ ጣፋጭነቱ ጉልህ ሆኖ ይቀንሳል። ሳይቀንስ ከቀረና ከንፈር ሲጣበቅ ከተሰማ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ቆሟል፦ ወይ እርሾው አንሷል፣ ወይ ቀዝቅዞበታል፣ ወይ ጠማቂው የካራሜል ብቅል አብዝቷል።

ከዋጣችሁ በኋላ እስከ 30 ቁጠሩ። መጀመሪያ አካባቢ ደረት ላይ የሚሰማ ሙቀት ይፈቀዳል፣ እንዲያውም ይጠበቃል። ጉሮሮ የሚፋቅ ትኩሳት ግን ከባድ አልኮሎች መብዛታቸውን ይናገራል። ይህም ብዙውን ጊዜ መብላላቱ ገና ሲጀምር ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ይመጣል። የቤልጅየም ጠማቂዎች ሙቀት አይፈሩም፤ ልምዳቸው ግን ከ18–20 ዲግሪ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ 24 እና ከዚያ በላይ ማሳደግ ነው። በቤት የሚጠምቅ ሰው ከመጀመሪያው ሰዓት 27 ዲግሪ ላይ ሲተወው ነው ነገር የሚበላሸው። እስከ 30 ስትቆጥሩ የሚቀረው ጣዕም ምን እንደሆነ ጻፉ። የፍሬና የቅመም ጥላ ያለው ድርቀት ከሆነ ከፍተኛ ነጥብ ይገባዋል። ስኳር ብቻ፣ ወይም ሻይ ቅጠል የመሰለ መጨማደድ ከሆነ ዝቅ ይበል።

ጋዙ ከዚህ አይለይም። በአንድ ሊትር ቢራ ውስጥ ከ2.5 እስከ 4 ሊትር ጋዝ ይሟሟል፣ ከተለመደው ላገር እኩል ወይም ከዚያ በላይ። ደቃቅና ንቁ ሆኖ ምላስን ካላነሣሣ ያው ቢራ ከባድና ጣፋጭ ይመስላል። ሞክሩት፦ ከቅምሻው ግማሹን በሹካ መትታችሁ ጋዙን አስወጡና ካልተመታው ጋር አስተያዩት። ጋዝ የሌለው ጠርሙስ ሲገጥም እንግዲህ ስለ ጣፋጭነቱ የምትጽፉትን ሁሉ በጥርጣሬ ጻፉት፣ ሌላ ጠርሙስም ክፈቱ።

ስለ ብልሽቶቹ። እርጥብ ካርቶን ከሸተተ አየር ገብቶበታል ወይም ሙቀት ላይ ቆይቷል፤ በዕድሜም በአዲስነትም ይቅርታ የለውም። የሼሪ ወይን፣ የለውዝ ወይም የማር ሽታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያም ከአየር የሚመጣ ቢሆንም በጥቂት ዓመታት ካረጀ ጠርሙስ ሲመጣ ውበት ነው፣ ገና ባመቱ ከመጣ አያያዙ መጥፎ ነበር። የቅቤ ወይም የቅቤ ካራሜላ ጣዕም ዳይአሴቲል ነው። እርሾው ገና ሳያጸዳው ተነጥሏል፣ ወይም ባክቴሪያ ገብቷል፤ ከእውነተኛው ካራሜል የሚለየው ምላስን ቅባት እንደነካው ስለሚያንሸራትት ነው። የአኩሪ አተር ሶስ ወይም የሥጋ መረቅ ሽታ የሞተ እርሾ መፈራረስ ያመጣዋል፣ ባረጁና በሞቁ ጠርሙሶች ይብሳል። ኮምጣጤ ወይም እርጎ የመሰለ ኮምጣጣነት፣ በተለይ ሲከፈት ከሚገነፍል ጠርሙስ ጋር አብሮ ሲመጣ፣ ብክለት ነው። ብረት ብረት ካለ አንድ ጠብታ በእጃችሁ ጀርባ ላይ አሽታችሁ አሽትቱ፤ ብረቱ ከበረታ ቢራው ውስጥ አለ። ብርሃን የመታው ቢራ የሚሸተውን አንዴ የቀመሰው አይረሳውም፣ ጠረኑ ከሆፕ ውሁዶች በብርሃን መለወጥ ይወለዳል።

ነጥብ ለመስጠት የቢጄሲፒ ቅጽ በቂ ነው፦ ለመዓዛ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ ለአፍ ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ ስሜት 10፣ ድምሩ 50። ከ45 ጀምሮ እጅግ የላቀ፣ ከ38 እስከ 44 በጣም ጥሩ፣ ከ30 እስከ 37 ከመልካም በላይ ይባላል። መጀመሪያ ቃላቱን፣ ከዚያ ቁጥሩን ጻፉ፤ ቁጥሩ ከቀደመ ቃላቱ ለቁጥሩ ጠበቃ ይሆናሉ። «ደስ የሚል፣ ልዩ» ብሎ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም። የሚጠቅም ማስታወሻ እንዲህ ያለ ነው፦ «በ11 ዲግሪ፦ ዘቢብና በለስ ጎልተዋል፣ ቅርንፉድ ለስለስ ያለ፣ ሙዝ ከሩቅ። በ14 ዲግሪ፦ ቸኮላትና ቁንዶ በርበሬ ወጡ፣ አልኮል ተሰማ፣ አልወጋም። መሐሉ ሙሉ፣ አፍንጫ ሲያዝ ጣፋጭነቱ ዝቅተኛ። አጨራረሱ ደረቅ፣ ረጅም፣ መጠነኛ ምሬት። ጋዙ ከፍተኛና ደቃቅ። ጥርጣሬ፦ የለም።» ሌላ ሰው ይህን አንብቦ ያንኑ ጠርሙስ ቀምሶ ሊስማማ ወይም ሊከራከር ይችላል።

ስም ሳያዩ መቅመስ ትዕቢትን ያስተነፍሳል፣ የውድ ጠርሙስ ዝናንም እንዲሁ። በጣም ቀላሉ የሦስት ብርጭቆ ፈተና ነው፦ አንድ ሰው ከሁለት ቢራዎች አንዱን በሁለት፣ ሌላውን በአንድ ብርጭቆ ይቀዳል፣ ቀማሹ ልዩውን ይፈልጋል። በግምት ብቻ የማግኘት ዕድሉ ከሦስት አንድ ስለሆነ አንድ ጊዜ ማግኘት ምንም አያስረዳም፣ ብርጭቆዎቹን እያቀያየሩ ደግሙት። ሮሽፎር 8ንና 10ን በዚህ መንገድ መለየት ከሚታሰበው በላይ ይከብዳል። ብዙ ዓይነት ስትቀምሱ ከቀላሉ ጀምሩ፤ የ7 በመቶውን ዌስትማሌ ዱበል መነሻ ማድረግ ጥሩ ነው፣ ቤተሰቡ አንድ ሆኖ ክብደቱ ስለሚያንስ ከእሱ በላይ የተጨመረው ምን እንደሆነ ምላስ ይለያል።

መጠኑን በሒሳብ እንጂ በብርጭቆ አትቁጠሩ። አንድ የሮሽፎር 10 ጠርሙስ 29 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው፤ በ33 ሳንቲ ሊትር የ5 በመቶ ላገር ውስጥ ያለው 13 ግራም ነው። ለአንድ ዓይነት በሰው ከ80 ሚሊ ሊትር በላይ አያስፈልግም፣ ማለትም አንድ ጠርሙስ ለአራት ሰው። ከአራት ዓይነት በኋላ ምላስም ፍርድም ስለሚደክሙ አምስተኛውን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ለማስረጀት ስትፈልጉ ከአንድ ሳጥን ቢያንስ አራት ጠርሙስ ግዙና ቆርኪው ላይ የገዛችሁበትን ቀን በማይለቅ ቀለም ጻፉ። አንዱን አሁን ቅመሱ፣ ሌሎቹን በዓመት በዓመት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የአልኮሉ ጠርዝ ይለዝባል፣ ሙዙና ቅርንፉዱ ይቀንሳሉ፣ ዘቢቡ ወደ ፖርቶ ወይን ያዘነብላል። አረፋው እየሳሳ መሄዱ አይቀርም። ሁሉም ጠርሙስ በዕድሜ አይሻልም፤ እኔ በግሌ ሮሽፎር 10ን ከሦስት ዓመት በላይ አላስቀምጥም፣ ያ ደቃቅ ቅመሙ ሲጠፋ ጣፋጭ ዘቢብ ብቻ ይቀራል። ከተከታታዮቹ በአንዱ ላይ የመጀመሪያው የካርቶን ጥላ ከተሰማ ግን ለቀሩት ዕድሜ አትስጡ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ክፈቷቸው።